ስለ ዝናም መዛባት፤ የአየር ንብረት ለውጥ ምክንያቱና የሚያስከትለው ጉዳት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ዓመቱን በአራት ወቅት ከፍላ ፈጣሪዋን እንደምታመሰግን ታውቃላችሁ። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ዘመነ መፀው፣ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ዘመነ ሐጋይ፣ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ዘመነ ጸደይ፣ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ዘመነ ክረምት ይባላል። ይህን ሥርዓት ያቆዩልን አባቶች የድጓውን ዜማ ከሰማዩ ጠባይ ጋር አስማምተው፣ መሪጌታው የዝናሙን ምስጋና ሲያነሣ ገበሬውም ሞፈሩን እንዲያነሣ አድርገው ነበር የሠሩት። ስለዚህ ለሀገራችን ሰው የቤተ ክርስቲያን ወቅትና የእርሻው ወቅት ሁለት አልነበሩም፤ አንድ ነበሩ።

በቅርብ ዓመታት ግን ይህ ስምምነት በብዙ አውራጃ ሲናጋ እናያለን። ሰኔ 26 ቀን ገብቶ የዘርእ ደመና ምስጋና በሚደርስበት ሌሊት ከቅጽሩ ውጭ አቧራ የሚነሣበት ዓመት አለ። በሌላው ዓመት ደግሞ አዝመራው ታጭዶ በክምር ሳለ፣ ፀሐይ በሚጠበቅበት በኅዳርና በታኅሣሥ ዶፍ ወርዶ ነዶውን ያበሰብሰዋል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በወሎ አንድ ደብር ለማስተማር ሄደን ሳለ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከቅዳሴ በኋላ ከደጀ ሰላሙ ቆይተው እንዲህ ሲሉ ጠየቁን፤ «አባታችን፣ አባቶቻችን ማሽላ በሚያዝያ ይዘሩ ነበር። አሁን ሚያዝያው ደረቅ ነው፤ ግንቦቱም ደረቅ ነው። ማሽላውን ትተን ጤፍ እንዘራለን፤ ጤፉም ሲከዳን በሽምብራ እንጽናናለን። ይህ የመጣብን በኃጢአታችን ነው ይላሉ፤ ከከተማ የሚመጡት ደግሞ በፋብሪካ ጢስ ነው ይላሉ። እውነቱ የትኛው ነው? እኔስ ከእንግዲህ ምን ላድርግ?» አሉን። እኛም በዚያን ሰዓት ባርከን ከማሰናበት በቀር የሚገባውን መልስ አልሰጠናቸውም። ይህ ጽሑፍ ለእኒያ አባት የዘገየ መልሳችን ነው።

1ኛ፤ የአየር ጠባይና የአየር ንብረት

ነገሩን ከማብራራታችን በፊት ሁለት ቃላትን መለየት ያስፈልጋል። የአየር ጠባይ የምንለው የዕለቱን ወይም የሳምንቱን ሁኔታ ነው፤ ዛሬ ዘነመ፣ ትናንት ውርጭ ነበረ እንደ ማለት ነው። የአየር ንብረት ግን የአንድ ሀገር አየር በብዙ ዓመታት፣ ሊቃውንቱ እንደሚቆጥሩት በ30 ዓመት ያህል፣ ተመዝግቦ የሚታወቅበት የጸና ልማድ ነው። ሰው አንድ ቀን ቢቈጣ ቍጡ አይባልም፤ ዘወትር ሲቈጣ ከታየ ግን ቍጡ መሆኑ ይታወቃል። የአየር ነገርም እንደዚሁ ነው።

ስለዚህ አንድ ክረምት ስለ ቀረ ብቻ የአየር ንብረት ተለወጠ አንልም። ድርቅ ለሀገራችን አዲስ እንግዳ አይደለም። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ጥቂት ዓመታት የቆየው ክፉ ቀን፣ ከባሕር ማዶ በመጡ ከብቶች የገባው በሽታ የእርሻውን በሬ ሲፈጅ፣ ድርቅና ተባይም ሲጨመሩበት የመጣ መከራ ነው፤ በዚያን ጊዜ የዓለም ፋብሪካ ጢስ ገና ጥቂት ነበረ። በ1966 ዓ.ም. እና በ1977 ዓ.ም. የደረሱትንም ረኃቦች የሰው ቸልተኝነትና ጦርነት አብዝተው እንዳከፏቸው ታሪክ ይመሰክራል። ደግሞም ኤል ኒኞ የተባለው፣ የታላቁ የፓስፊክ ውቅያኖስ ውኃ በየጥቂት ዓመቱ ከልኩ በላይ የሚሞቅበት ሁኔታ፣ ከጥንት ጀምሮ የነበረና የሰሜኑንና የመካከለኛውን ሀገራችንን ክረምት የሚያሳጥር ነገር ነው። ይህን ሁሉ የምንጠቅሰው እውነትን ስንናገር ከልኩ እንዳናልፍ ነው።

እንግዲህ አዲሱ ነገር ምንድን ነው? ቢሉ፣ አዲሱ ነገር የሙቀቱ መሠረት ራሱ ከፍ ማለቱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1850 እስከ 1900 ከነበረው ጋር ሲነጻጸር፣ ከ2011 እስከ 2020 ባሉት ዓመታት የምድር ፊት ሙቀት በአማካይ በ1.1 ዲግሪ ያህል ጨምሯል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ጭማሪው ከ1.5 ዲግሪ አልፏል። በሀገራችንም እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባለው ዘመን አማካዩ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ያህል ከፍ ማለቱ ተለክቷል። ይህ ቍጥር ትንሽ መስሎ እንዳያታልለን። የጤነኛ ሰው ሰውነት 37 ዲግሪ ነው፤ 1.5 ዲግሪ ቢጨመርበት 38.5 ይሆናል፤ ያን ጊዜ ሰውየው ንዳድ ይዞት ይተኛል እንጂ ጤነኛ ነኝ ብሎ ወደ እርሻ አይወጣም። ምድርም ንዳድ ይዟታል።

2ኛ፤ ስለ አራቱ ባሕርያትና ስለ ጋቢው

ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን እንደሚያስተምሩን ይህ የሚታየው ዓለም ከአራቱ ባሕርያት፣ ከእሳት፣ ከነፋስ፣ ከውኃና ከመሬት የተሠራ ነው። እኒህ ባሕርያት እርስ በርሳቸው የማይስማሙ ሲሆኑ፣ ፈጣሪ በጥበቡ አስማምቶ ለእያንዳንዱ መጠን ሰጥቶ አኖራቸው። እሳት ለብቻው ቢሆን ያቃጥላል፤ ውኃ ለብቻው ቢሆን ያሰጥማል፤ ሕይወት የሚገኘው በመጠናቸው ነው። የዛሬው ችግር በአጭሩ የዚህ መጠን መፍረስ ነው።

የፀሐይ ብርሃን ወደ ምድር ይወርዳል፤ ምድርም ከሞቀች በኋላ ሙቀቷን ወደ ላይ ትመልሳለች። በአየር ውስጥ ያሉት እንፋሎተ ውኃ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሜቴን የተባሉት ጋዞች ግን ብርሃኑን ወደ ታች ሲያሳልፉ ወደ ላይ የሚመለሰውን ሙቀት በከፊል ይይዙታል። ይህም ጋቢ ከለበሰ ሰው ጋር ይመሳሰላል። ጋቢ እሳት አይደለም፤ ከራሱም ሙቀት የለውም፤ የሰውየውን ሙቀት እንዳያመልጥ ይጠብቃል እንጂ። ይህ የአየር ጋቢ ባይኖር ኖሮ ምድር አሁን ካለችበት በ33 ዲግሪ ያህል በበረደች ነበር፤ ውኃው በረዶ በሆነ፣ እህልም ባልበቀለ ነበር። ስለዚህ ጋቢው ራሱ የፈጣሪ ስጦታ ነው። ነገር ግን በቀትር ፀሐይ ለሚሠራ ሰው በአንዱ ጋቢ ላይ ሁለተኛ፣ በሁለተኛውም ላይ ሦስተኛ ቢደርቡበት ሰውየው ይታመማል። በዘመናችን የተደረገው እንደዚህ ያለ ነገር ነው።

ይህም እውቀት የትናንት ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1856 ዩኒስ ፉት የተባለች አሜሪካዊት ይህ ጋዝ በፀሐይ ፊት ሲቀመጥ ከተራው አየር ይልቅ እንደሚሞቅ በሙከራ አሳየች። በ1859 ጆን ቲንደል የጋዞቹን ሙቀት የመያዝ ኃይል ለካ። በ1896 ስቫንቴ አሬኒየስ የተባለ የስዊድን ሊቅ የድንጋይ ከሰል ጢስ ምድርን ሊያሞቅ እንደሚችል በስሌት ገለጠ። በ1958 ቻርልስ ኪሊንግ በሐዋይ ደሴት ተራራ ላይ መለካት ሲጀምር ከአንድ ሚሊዮን እጅ አየር 315 እጁ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር፤ ፋብሪካ ከመስፋፋቱ በፊት 280 ያህል እንደነበረ በበረዶ ውስጥ ታስሮ ከቆየው ጥንታዊ አየር ታውቋል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ግን ከ420 አልፏል።

3ኛ፤ ጢሱ ከወዴት መጣ

በምድር ሆድ ውስጥ የድንጋይ ከሰልና የነዳጅ ዘይት አለ። እኒህ በጥንት ዘመን የበቀሉ ዕፅዋትና በባሕር የኖሩ ጥቃቅን ፍጥረታት ቅሪት ናቸው። ፈጣሪ ከመሬት በታች የሰወረውን ይህን መዝገብ ሰው ካለፉት ሁለት መቶ ዓመታት ወዲህ ቆፍሮ እያወጣ፣ ለባቡር፣ ለመርከብ፣ ለፋብሪካ፣ ለኤሌክትሪክ፣ ለመኪናና ለአውሮፕላን ያነደዋል። ከዚህ ንዳጅ ብቻ በየዓመቱ ከ37 ቢሊዮን ቶን የሚበልጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ይወጣል። ከዚህ ግማሽ ያህሉን ባሕርና ዕፅዋት ይቀበሉታል፤ የቀረው በአየር ላይ ይከማቻል። ደን ሲመነጠርና ሲቃጠል ደግሞ ጉዳቱ ሁለት ነው፤ ዛፉ ይዞት የነበረው ጋዝ ይለቀቃል፣ ጢሱን ይቀበል የነበረው ዛፍም አይኖርም። ከሚያመነዥኩ ከብቶች፣ ከሩዝ እርሻ፣ ከቆሻሻ ክምርና ከነዳጅ ጉድጓድ የሚወጣው ሜቴንም በአየር ላይ ብዙ ባይቆይ እንኳ ሙቀት በመያዝ እጅግ የበረታ ነው።

ምናልባት የፀሐይ ኃይል ጨምሮ ቢሆንስ? የሚል ይኖራል። ይህም ተመርምሯል። ሙቀቱ የተጨመረው ከፀሐይ ቢሆን ኖሮ ላይኛውም ታችኛውም አየር አብሮ በሞቀ ነበር። የተለካው ግን ታችኛው አየር ሲሞቅ ላይኛው ሲቀዘቅዝ ነው። ይህም የጋቢው ምልክት ነው፤ ሙቀቱ ከጋቢው ውስጥ ይቀራል፣ ከጋቢው ውጭ ያለው ግን ይበርዳል።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በዘመናት ተቆጥሮ ከወጣው የንዳጅ ጢስ ከአራት እጅ አንዱ ያህል ከአሜሪካ ኅብረት መንግሥታት ብቻ የወጣ ነው፤ በአሁኑ ጊዜ ደግሞ በየዓመቱ ከሁሉ አብልጣ የምታወጣው ቻይና ናት። ከመላው አፍሪካ የሚወጣው ግን በየዓመቱ ከሚወጣው ከመቶ አራት እጅ አይሞላም። በበሬ የሚያርሰው ገበሬያችን በዚህ መዝገብ ስሙ ከሞላ ጎደል አልተጻፈም።

4ኛ፤ የሚያስከትለው ጉዳት

ብዙ ሰዎች «ምድር ሞቀች ካላችሁ ስለ ምን ጎርፉ በዛ? ጎርፉ በዛ ካላችሁስ ስለ ምን ድርቁ በረታ?» ሲሉ ይጠይቃሉ። መልሱ አስቸጋሪ አይደለም። አየር በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቍጥር ከመቶ ሰባት እጅ ያህል የበለጠ እንፋሎት ሊሸከም ይችላል። እንስራ በተለወጠ ጊዜ የሚሆነውን አስቡ። ትልቅ እንስራ ለመሙላት ጊዜ ይፈጃል፤ ከምድርም ብዙ ውኃ ይጠጣል፤ ይህ ድርቁ ነው። ሞልቶ የተገለበጠ ጊዜ ደግሞ ከትንሹ እንስራ ይልቅ ብዙ ውኃ በአንድ ጊዜ ያፈስሳል፤ ይህ ጎርፉ ነው። ድርቅና ጎርፍ የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

ለዚህ ምስክር ከሀገራችን አናጣም። በ2007 ዓ.ም. ክረምት በኤል ኒኞ ምክንያት ዝናሙ በቀረ ጊዜ፣ በ2008 ዓ.ም. ከ10 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ የዕለት እርዳታ ጠባቂ ሆነ። በደቡብና በምሥራቅ ደግሞ የቦረናና የሶማሌ አርብቶ አደር በዓመት ሁለት ጊዜ የሚጠብቀው ዝናም ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት ጊዜ ተከታትሎ ቀረበት፤ ከብቱ በየመንገዱ ወድቆ ቀረ። ይህን የአፍሪካ ቀንድ ድርቅ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2023 ጥናታቸውን ያወጡ የልዩ ልዩ ሀገር ሊቃውንት፣ ሰው ባመጣው ሙቀት ምክንያት የድርቁ መድረስ ቢያንስ መቶ እጥፍ እንደቀረበ ገልጠዋል። ዋናውም ነገር የዝናሙ ማነስ ብቻ ሳይሆን፣ የወረደውን ጥቂት ዝናም ሙቀቱ ከመሬት መልሶ መውሰዱ ነው። ወዲያውም በ2016 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ያው የደረቀው የሶማሌ ምድር በጎርፍ ተጥለቀለቀ።

በ2012 ዓ.ም. በሀገራችን ላይ የወረደው አንበጣ፣ ነቢዩ ኢዩኤል ያየውን ያስታወሰን መቅሠፍት፣ መነሻው ከሩቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ሁለት የባሕር ዐውሎ ነፋሳት ከሕንድ ውቅያኖስ ተነሥተው በዐረብ ምድረ በዳ ላይ ዝናም አፈሰሱ፤ አንበጣውም በዚያ ሰው በማያየው በረሐ ተራባ። የባሕሩ መሞቅ እንዲህ ያለውን ዐውሎ የሚያበረታ ነውና፣ በባሕር ላይ የሆነው በደጋው ማሳ ላይ ደረሰ።

ወባም የቆላ በሽታ ነው ብለን የደጋውን ሰው እናጽናና ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት ግን በኢትዮጵያና በኮሎምቢያ ደጋማ አገሮች ዓመቱ በሞቀ ቍጥር ወባው ወደ ላይ ወደ ተራራው እንደሚወጣ አስረድቷል። ሀገራችን ለዓለም የሰጠችው ቡናም ለብ ያለ ደጋ የሚወድ ተክል ስለሆነ፣ ዛፉን ወደ ከፍተኛው ስፍራ ማዛወርና ጥላ መትከል ካልተቻለ፣ አሁን ከሚበቅልበት ምድር ከ39 እስከ 59 በመቶ የሚሆነው በዚህ መቶ ዓመት መጨረሻ የማይመች ሊሆን እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2017 ተጽፏል። ከሀገራችንም ውጭ ብናይ፣ የኪሊማንጃሮ ተራራ በረዶ እ.ኤ.አ. ከ1912 ወዲህ ከአምስት እጅ አራቱን አጥቷል፤ የባሕር ከፍታም እ.ኤ.አ. ከ1901 እስከ 2018 በ20 ሳንቲ ሜትር ያህል ጨምሮ ዝቅተኛ ደሴቶችን ያሰጋል።

ካህናት ወንድሞቻችን ሆይ፤ ይህ ነገር የገበሬ ጉዳይ ብቻ አይምሰለን። የአብነት ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ቁራሽ ለምኖ የሚማረው ከገበሬው ደጅ ነው። ገበሬው ባጣ ጊዜ ጉባኤው ይበተናል፤ ጉባኤው ከተበተነ ድጓውን የሚቀበል አይገኝም። ለመሥዋዕቱ የሚሆነው ስንዴ፣ ለጧፉ የሚሆነው ሰም፣ ለማዕጠንቱ የሚሆነው ዕጣን ሁሉ ከዝናምና ከዛፍ የሚገኝ ነው። የዕጣኑም ዛፍ በእሳት፣ በከብት መራገጥና ልክ በሌለው አደማም ምክንያት ልጅ ሳይተካ እያረጀ መሆኑን የደን ሊቃውንት ይናገራሉ።

5ኛ፤ ኃጢአት ነው ወይስ ጢስ?

አሁን ወደ ሽማግሌው ጥያቄ ደረስን። በዚህ ነገር ላይ ሁለት ስሕተቶች አሉ።

የመጀመሪያው ስሕተት «ዝናም የቀረው የዚህ መንደር ሰው ስለ በደለ ነው» ብሎ መፍረድ ነው። እንዲህ የሚል ሰው የኢዮብን ወዳጆች ይመስላል፤ የተራበውን በረኃቡ ላይ ወቀሳ ይጨምርበታል። ጌታችን ግን በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው የሞቱት 18 ሰዎች ከሌሎቹ ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ አስተምሮናል። ሁለተኛው ስሕተት ደግሞ «ነገሩ ጢስ ነው፤ ስለዚህ ንስሐም ጸሎትም አያሻውም» ማለት ነው። እንዲህ የሚል ሰው ጢሱን አየ እንጂ ጢሱን ያስነሣውን ልብ አላየም።

እኛ ግን ኃጢአትና ጢስ የሚጣሉ መልሶች አይደሉም እንላለን። እናት ለልጆችዋ እንጀራ ለመጋገር የምታነደው እሳት ኃጢአት አይደለም፤ ሐኪም ለበሽተኛው የሚያበራው መብራትም ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን ሰው ጎረቤቱ እንደሚጎዳ ካወቀ በኋላ፣ ሌላ መንገድ እያለው፣ ለድሎትና ለትርፍ ሲል ልኩን ማለፉ ስስት ነው፤ ስስትም ኃጢአት መሆኑን ማንም አይክድም። እንግዲህ ጢሱ ስስት በአየር ላይ የሚታይበት መልኩ ነው።

ይህንም ከቅዱሳት መጻሕፍት እናስረዳለን። በነቢዩ በኤልያስ ዘመን ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ዝናም የቀረው በንጉሡ በአክዓብ በደል ነበር። የመጨረሻውን ዱቄት ለመጋገር ጭራሮ ስትለቅም የተገኘችው ግን የሰራፕታዋ መበለት ናት። እርስዋ በአክዓብ ቤተ መንግሥት አልኖረችም፤ ከማዕዱም አልበላችም፤ በአክዓብ በደል ግን ተራበች። የቦረናው አርብቶ አደርና የወሎው ገበሬም በዛሬው ዘመን በዚያች መበለት ስፍራ ቆመዋል። እግዚአብሔርም ነቢዩን የላከው ወደ ባለጠጋ ቤት ሳይሆን ወደ መበለቲቱ ቤት መሆኑን ልብ እንበል፤ በድርቅ ዘመን ቤተ ክርስቲያን የት መገኘት እንዳለባት ከዚህ ይታወቃል።

አንዳንዶች ደግሞ «እግዚአብሔር ለኖኅ ዘርና አጨዳ፣ በጋና ክረምት እንዳይቋረጡ ቃል ገብቶለታልና የሚያሰጋ ነገር የለም» ይላሉ። ቃል ኪዳኑ እውነት ነው፤ አይታበልም። ነገር ግን ቃል ኪዳኑ የፈጣሪ ታማኝነት ማስረጃ ነው እንጂ ለሰው ስንፍና ዋስትና አይደለም። ልጅ እንደሚወደድ ቢያውቅ የአባቱን ቤት ያቃጥል ዘንድ አልተፈቀደለትም። ደግሞም አዳም በገነት የተቀመጠው ሊያበጃትና ሊጠብቃት መሆኑን አንርሳ፤ ጠባቂ የሆነ ሰው የሚጠየቅበት ቀን አለው።

6ኛ፤ የራሳችን ድርሻ

ይህን ስንል ጥፋቱን ሁሉ በባሕር ማዶ ሰዎች ላይ ጭነን ነጻ ለመውጣት አይደለም። በሀገራችን ውኃ የጠፋበት ስፍራ ሁሉ ከሩቅ በመጣ ጢስ የጠፋ አይደለም። የሐሮማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. እስከ መድረቅ የደረሰው፣ በይበልጥ ለጫትና ለአትክልት መስኖ፣ ለከተማም መጠጥ ከልኩ በላይ ስለ ተቀዳና ከተራቆተው ኮረብታ የወረደው ደለል ስለ ሞላው ነው። በቅርብ ዓመታት ውኃው ተመልሶ መታየቱም የሰው እጅ ያበላሸው ሁሉ ተስፋ የሚቆረጥበት እንዳልሆነ ያስተምረናል።

በሰሜኑ ሀገራችን ጥንታዊው ደን በአብዛኛው የቀረው በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ነው። በደቡብ ጎንደር ብቻ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ እንዲህ ያሉ ደኖች መኖራቸውን ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እሸቴን የመሰሉ የሀገራችን የደን ሊቃውንት መርምረው አስታውቀዋል። ከላይ ሲታዩ በእርሻ መካከል እንደ ተበተኑ ደሴቶች ናቸው። ጥዱ፣ ወይራው፣ ዝግባው፣ ኮሶው፣ ዋንዛው ዘሩን ጠብቆ የኖረው አባቶቻችን የቅጽሩን ዛፍ እንደ ንዋየ ቅድሳት ቆጥረው ምሳር ስላላስነኩት ነው። ዛሬ ግን ከብት ገብቶ ቡቃያውን ይበላል፤ እርሻው ከዳር ዳር ይገፋዋል፤ መቃብሩና አዳራሹም ከውስጥ ያጣብበዋል።

እኛም ከዚህ በደል ነጻ አይደለንም። ቅኔ በተማርንበት ደብር ከደኑ ግርጌ የሚፈልቅ ምንጭ ነበር። በበጋ ሁሉ ምንጭ ሲነጥፍ እርሱ አይነጥፍም ነበር፤ ተማሪው ሁሉ ከዚያ ይቀዳ፣ ልብሱንም ከዚያ በታች ያጥብ ነበር። በኋላ ዘመን ለቤተ ክርስቲያኑ ክዳን ቆርቆሮ ሲያስፈልግ፣ ከምንጩ በላይ ያሉት ታላላቅ ዝግባዎች ተሸጠው በስፍራቸው ቶሎ የሚያድግ ባሕር ዛፍ ይተከል የሚል አሳብ ቀረበ። አንድ ሽማግሌ መነኵሴ ብቻ «ውኃው ይቀየማችኋል» ብለው ተቃወሙ። እኛም በዚያ ጉባኤ ተቀምጠን ነበር፤ የመነኵሴው ነገር እውነት እንደሆነ ልባችን እያወቀ፣ ታላላቆቹን ላለማስቀየም ዝም አልን። ቆርቆሮው ተመታ። ባሕር ዛፉም አደገ። ምንጩ ግን ከዓመት ወደ ዓመት እየቀጠነ ሄዶ ዛሬ በበጋ ደረቅ ድንጋይ ነው፤ የዛሬዎቹ ተማሪዎችም ውኃ ፍለጋ ቍልቍለት ይወርዳሉ። ይህን የተናገርነው ማንንም ለመክሰስ አይደለም፤ ዝምታችንን ለመናዘዝ ነው እንጂ።

7ኛ፤ እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ጸሎቱን አናስታጕል። ቤተ ክርስቲያናችን ስለ ዝናም፣ ስለ ወንዞች፣ ስለ ምድር ፍሬ በየቅዳሴው ትማልዳለች። ዝናም ሲዘገይም ምሕላ ይያዛል። ነገር ግን ምሕላ የያዘ ሕዝብ ከምሕላው ሲመለስ ምሳሩን ይዞ ወደ ደኑ ከሄደ፣ በአፉ የለመነውን በእጁ ይከለክላል።

ሁለተኛ፣ የቅጽሩን ደን እንጠብቅ። በልዩ ልዩ አጥቢያ እንደ ተደረገው ምእመናኑ ከማሳቸው የለቀሙትን ድንጋይ ካብ አድርገው ደኑን ቢያጥሩት ከብት አይገባም፤ ቡቃያውም ያድጋል፤ ማሳውም ከድንጋይ ይጠራል። ባሕር ዛፍ ለቤት ሥራና ለማገዶ ይጠቅማልና ከእርሻ ዳር ይተከል፤ ከምንጭ ራስ ላይ ግን አይተከል።

ሦስተኛ፣ የተተከለውን ችግኝ እናሳድግ። ችግኝ ተክሎ መሄድ ሕፃን አጥምቆ ያለ ክርስትና አባት እንደ መተው ነው። ለእያንዳንዱ ችግኝ ውኃ የሚያጠጣና የሚጠየቅበት አንድ ቤተሰብ በስሙ ይመደብለት፤ በሦስተኛው ዓመትም ስንቱ ተተከለ ተብሎ ሳይሆን ስንቱ ጸደቀ ተብሎ ይቆጠር።

አራተኛ፣ የዮሴፍን ጥበብ እንያዝ። ዮሴፍ የሚመጣውን ሰባት የረኃብ ዓመት በእግዚአብሔር ገላጭነት ካወቀ በኋላ ተቀምጦ አላለቀሰም፤ በጥጋቡ ዘመን ከአምስት እጅ አንዱን በጎተራ አኖረ እንጂ። እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ አዝመራ በያዘበት ዓመት ጥቂት ጥቂት እህልና በተለይም ለዘር የሚሆነውን ቢያኖር፣ በክፉው ዓመት ገበሬው በሬውን ሸጦ አይሰደድም። ቅዱስ ባስልዮስም በ4ኛው መቶ ዘመን በቀጰዶቅያ ድርቅ በሆነ ጊዜ ከምሕላው ጋር ጎተራቸውን የዘጉትን ባለጠጎች ገሥጾ አስከፍቷል፤ በእጁም ድሆችን መግቧል። ከዚህ ቅዱስ ጸሎትና ጎተራ አንድ ላይ እንዲሄዱ እንማራለን።

አምስተኛ፣ የሜትሮሎጂ ባለሙያዎች በየወቅቱ የሚያወጡትን ትንበያ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ እናሰማ። ይህ ጥንቈላ አይደለም። ጠንቋይ የተሰወረውን አውቃለሁ ብሎ ያታልላል፤ እኒህ ግን ባሕሩንና ነፋሱን ለክተው፣ ሊሳሳቱ እንደሚችሉ ጭምር ይናገራሉ። ሰማዩ ሲቀላ አይቶ የነገውን የሚገምት ገበሬ የሚያደርገውን እነርሱ በሰፊው ያደርጋሉ።

ስድስተኛ፣ ስለ ፍርድ እንናገር። መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1992 በሪዮ ዴ ጃኔሮ ስለዚህ ነገር ውል ገቡ፤ በ2015 በፓሪስ ሙቀቱ ከ2 ዲግሪ እጅግ ዝቅ እንዲል፣ ቢቻልም በ1.5 እንዲወሰን ተስማሙ፤ በ2022 በግብፅ ሻርም ኤል ሼክ ለተጎዱት ሀገሮች የሚሆን የገንዘብ መዝገብ እንዲቋቋም ወሰኑ። ቃሉ ተሰጥቷል፤ ጢሱ ግን አልቀነሰም። በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በዐረብ ሀገሮች የምትኖሩ ልጆቻችን በድርቅ ጊዜ ለወገናችሁ የላካችሁት ገንዘብ ብዙ ቤት አትርፏል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። አሁን ደግሞ በምትኖሩባቸው ሀገሮች፣ ቃሉ እንዲጠበቅ፣ የመበለቲቱን ድምፅ እንድታሰሙልን እንለምናችኋለን። ይህ ምጽዋት መለመን አይደለም፤ ፍርድ መጠየቅ ነው።

ለሽማግሌው አባት የምንመልሰውም እንዲህ ነው። አባቴ፣ ዝናሙ የተዛባው በእርስዎ በደል አይደለም፤ ማንም እንዲህ ብሎ ቢወቅስዎ አይቀበሉት። በአብዛኛው ከሩቅ በነደደ እሳት ነው፤ በጥቂቱ ደግሞ እኛ ካህናቱ ዝም ባልንበት ምሳር ነው። ማሽላው ሲከዳዎ ጤፍ፣ ጤፉ ሲከዳዎ ሽምብራ መዝራትዎ ተስፋ መቍረጥ አይደለም፤ ጥበብ ነው። ዘሩን ለየብቻ አኑሩ፤ ትንበያውን ስሙ፤ የቅጽሩን ዛፍ ከሚነኩት ጋር፣ ካህን ቢሆኑ እንኳ፣ ተከራከሩ። እኛም ያን ጊዜ ከአጠገባችሁ እንቆማለን እንጂ እንደ ቀድሞው ዝም አንልም።

የዘርእ ደመናን ምስጋና የሚሰማ አምላክ ዝናሙን በጊዜው፣ ውኃውን በልኩ፣ ለሁላችንም የሚጠብቅ ልቡና ይስጠን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።